ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?
የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ወዴት እየሄደ ነው፤ ዳሰሳ

እናቴ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ዕድሜው ከሃያ ዓመት አልፏል። በዚህ ዘመን ሁሉ ሸክላው ሁለት ጊዜ፣ ሽቦው አራት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሶኬቱማ ስንቴ እንደተቀየረ የሚያስታውስ የለም። ሽቦው የተቃጠለ ቀን የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል። ምጣዱን ይገለብጥና ከሥሩ የተለሰነውን ጀሶ ቀስ አድርጎ ይፈነቅላል። ጠቁሮ የተበጠሰውን ሽቦ ከቦዩ ስቦ ያወጣል፤ አዲሱን ጥቅልል እኩል እየለጠጠ፣ ቦዩን ተከትሎ ከዳር እስከ መሀል ይዘረጋዋል፤ መልሶ ይለስነዋል። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጀሶው ሲደርቅ እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች፤ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይኗን አውጥታ ትነሣለች።

እዚያው ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላ ዕቃ አለ። በስጦታ የመጣልኝ ገመድ አልባ ኤርፎን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ አዳማ እስክደርስ ባትሪው አያልቅም ነበር። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከመገናኛ ተነሥቼ ሜክሲኮ ሳልደርስ ይጠፋ ጀመር። መርካቶ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድኩት። ወጣቱ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው፤ ብሎን ፈለገ፤ አጣ። “ይኼ በሙጫ የተዘጋ ነው፤ ከከፈትኩት መልሶ አይገጥምም። ባትሪውም ለብቻው አይመጣም” ብሎ መለሰልኝ። ሌላው ነገሩ ሁሉ ደኅና ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቀፎው አልተጫረም። የሞተው ከጥፍር የማትበልጥ ባትሪ ናት፤ እሷ ስትሞት ግን ሁሉም አብሮ ሞተ።

በየዓመቱ በጥር ወር ላስ ቬጋስ፣ መስከረም ላይ ደግሞ በርሊን የዓለም ኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ትልልቅ ትርዒት ያሳያሉ። ጋዜጠኞችም ገዢዎችም “ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር መጣ?” እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ክፋት የለውም። ለእኔ ግን የዘመኑን የቤት ዕቃ አካሄድ ለመረዳት የሚበጀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የመጣው ነገር ስንት ዓመት አብሮን ይቆያል? ሲበላሽስ ማን ይከፍተዋል? ይህ ዳሰሳ ባትሪውን፣ ሶፍትዌሩን፣ ስልኩን፣ ወጥ ቤቱንና ጥገናውን በዚህ ጥያቄ እያነሣ ያያል።

ባትሪ ያልገባበት ዕቃ የለም

የቤት ዕቃን መልክ ከለወጡት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ከቪዲዮ ካሜራ ተነሥቶ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ፣ ከዚያም ወደ ጢም መላጫው፣ ወደ ስፒከሩ፣ ወደ ማራገቢያውና ወደ ጁስ መፍጫው ገባ። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም እና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እኛ አገር የዚህ ባትሪ ውለታ ትልቅ ነው። መብራት ሲሄድ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የቀረው በቻርጅ በሚሠራ አምፖልና በፓወር ባንክ ነው። ገጠር ደግሞ ለውጡ ከዚህም የጠለቀ ነው። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪና ሁለት ሦስት አምፖል ያለው ዕቃ ኩራዙን ከግድግዳ አውርዶታል። በኩራዝ ጭስ ዓይኑ እየቆጠቆጠው ያጠና ሰው ይህን ለውጥ አሳንሶ አያይም። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ ገበያ ድረስ መሄድም በብዙ ቀበሌ እየቀረ ነው።

ይሁንና ባትሪ እንደ ሽቦና እንደ ብሎን አይደለም፤ ሳይነኩትም ያረጃል። በተሞላና ባለቀ ቁጥር የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። ስልክን ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ፣ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ፣ ሁልጊዜ መቶ በመቶ እየሞሉ ማሳደር፣ እነዚህ ሁሉ ከባትሪው ዕድሜ ይቆርጣሉ። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የዕድሜ ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው፤ ሳይጫኑት፣ ሳይወጉት፣ ከቤት ማውጣት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይለያል። አንደኛው ባትሪው ወጥቶ ሊተካ የሚችል ነው፤ የድሮው ባለ ቁልፍ ስልክ በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው ይቀየር ነበር። ሁለተኛው ባትሪው በሙጫ የታሸገበት ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ የሞቱ ቀን ከፋብሪካ ሲወጣ ተቆርጦለታል። ለቤት መጠባበቂያ ኃይል የሚገዛ ሰውም የባትሪውን ዓይነት ቢጠይቅ ይጠቀማል። ሊቲየም አየርን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ለተመሳሳይ ጉልበት ከበድ ቢልም፣ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ማለቅን ይችላል፤ በእሳት የመያያዝ አደጋውም ያነሰ ነው።

ሶፍትዌሩ ሲሞት ዕቃውም ይሞታል

ሁለተኛው ለውጥ በዓይን አይታይም። ቴሌቪዥን ድሮ ሥዕል ማሳያ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ነው። አማዞን በ2014 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰምቶ የሚመልሰውን ኤኮ የተባለ ስፒከር ካወጣ ወዲህ አምፖሉ፣ የበር ደወሉ፣ መጥረጊያው ሳይቀር ከኢንተርኔት ጋር መነጋገር ጀመሩ። የአንዱ ኩባንያ አምፖል ከሌላው ስልክ ጋር አልግባባ እያለ ተጠቃሚውን ሲያስቸግር ቆይቶ፣ አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሳምሰንግ ያሉበት ማኅበር በ2022 ማተር የሚባል የጋራ መግባቢያ አወጣ። ይህ መልካም እርምጃ ነው።

ነገር ግን ሥራውን ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር የሚሠራ ዕቃ ባለቤቱ ሁለት ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰውና ሰርቨሩን የያዘው ኩባንያ። የጉግል እኅት ኩባንያ የሆነው ኔስት፣ ሪቮልቭ የሚባል የቤት መቆጣጠሪያ የሚሠራ ድርጅት ገዝቶ፣ በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ዘጋው። ሰዎች ሦስት መቶ ዶላር ገደማ የከፈሉበት ዕቃ አንዲት ብሎን ሳትጎድልበት በአንድ ቀን ከሥራ ውጪ ሆነ። በ2024 ደግሞ ሂውሜን የተባለ ኩባንያ ደረት ላይ የሚለጠፍ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዕቃ በ699 ዶላር ሸጠ። ዓመት ሳይሞላው ኩባንያው ንብረቱን ለኤችፒ አስረከበ፤ የካቲት 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ዕቃው ጥያቄ መመለስ አቆመ። ሁለቱም ዕቃዎች ቢከፈቱ ውስጣቸው የተሰበረ ነገር አይገኝም ነበር።

ሌላም ዋጋ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች ተመልካቾች ምን እንደሚያዩ ሳያስፈቅድ ሲመዘግብ ነበር ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ጨረሰ። ሳሎናችን ውስጥ ያለው ስክሪን ስናየው እሱም ያየናል ማለት ነው።

ኮምፒዩተርም በዚህ መንገድ እየሄደ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ብዙ ደኅና ላፕቶፖች ደግሞ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር የተቀመጠውን የመሣሪያ መስፈርት አያሟሉም። አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ትንሹ ቢሮ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ስለሆነ ነገሩ እኛን ይነካናል። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ከመጣል በፊት ሊነክስን የመሰለ ነጻ ሥርዓት ጭኖ ዕድሜ መቀጠል ይቻላል፤ ኪቦርዱም ስክሪኑም ገና ያገለግላል።

በዚህ ሁሉ መካከል አማርኛ የት አለ? ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ አስገብቷል፤ ብዙ ሰው ዛሬ ቴሌግራም ላይ በድምፅ እየተናገረ ይጽፍበታል። በድምፅ የሚታዘዙት አሌክሳና ሲሪ ግን እስካሁን አማርኛ አይሰሙም። አያት በራሷ ቋንቋ ልታዝዘው የማትችለው “ብልህ” ዕቃ ለቤቱ ሁሉ ብልህ አይደለም።

ስልክ፤ ብዙ ዕቃ የዋጠ ዕቃ

የአንድ ቤት ዕቃ ቢቆጠር በሃያ ዓመት ውስጥ የቀነሰው ብዙ ነው። ቴፕ፣ ካሜራ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሰዓት፣ ካልኩሌተር፣ የስልክ ማውጫ ደብተር፣ ሁሉም ስልክ ውስጥ ገቡ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቦርሳውም ገባ። ስለዚህ ስልክ ሲበላሽ ዛሬ የሚቆመው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ገበያውም ይቆማል።

ለአፍሪካ ገበያ ብሎ ስልክ በመሥራት ትራንሽን የተባለውን የሸንዘን ኩባንያ የሚስተካከለው የለም። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የእሱ ናቸው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ገበያውን የያዘው በተአምር አልነበረም፤ የሰዉን ችግር ጠጋ ብሎ ስላየ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪው ብዙ የሚቆይ ስልክ፣ ከአንድ በላይ ሲም የሚይዝ ስልክ፣ ጠቆር ያለ ቆዳን ሳያጠፋ የሚያነሣ ካሜራ፣ አማርኛ የተጻፈበት ቁልፍ አቀረበ። ዕቃን ለሚሠራም ለሚገዛም ትምህርቱ አንድ ነው፦ የሚሸጠው ብልጭልጩ ብቻ አይደለም፤ ለኑሮው የተስማማውም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ያን ጊዜ “ስልኬን ልቀይር” የሚለው ቋንቋ “ስክሪኑን ላስቀይር” ወደሚለው ዞረ። አዲስ ስልክ የብዙ ወር ደመወዝ ሲሆን የስልክ ዕድሜ ራሱ ገንዘብ ነው።

በዚህ ረገድ ካለፉት ዓመታት ዜናዎች ትልቁ የካሜራ ሜጋፒክስል አይደለም። ጉግል በ2023 ባወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ባወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ለሰባት ዓመት የሶፍትዌር እድሳት እንሰጣለን ማለታቸው ነው። ፌርፎን የሚባለው ትንሽ የሆላንድ ኩባንያም ባትሪውንና ስክሪኑን ባለቤቱ ራሱ በብሎን መፍቻ የሚቀይረው ስልክ እየሠራ፣ ስልክ ያለ ሙጫም ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ችግሩ ይህ ቃል ኪዳን በአብዛኛው ውድ ስልኮች ላይ መቅረቱ ነው። ርካሹ ስልክ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የደኅንነት እድሳት ሊቋረጥበት ይችላል፤ እኛ ደግሞ ገንዘባችንን የምናስቀምጠው እዚያው ስልክ ላይ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ስልክም የራሱ ጣጣ አለው። ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የወጣ አይፎን ሲም የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ የሚሠራው ስልኩ ውስጥ በተሠራው ኢሲም ብቻ ነው። ዘመድ ደስ ብሎት የላከው ስልክ ቦሌ ደርሶ ተቀባዩ ሲም ይዞ ቀዳዳ ሲፈልግ ይታያል። ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ አገልግሎት የተቆለፈ ስልክ ከሆነ ደግሞ እዚህ መስመር አይቀበልም። ላኪው ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይህ ሁሉ ይቀራል፦ የተቆለፈ ነው? ሲም ይቀበላል?

ወጥ ቤት፤ እሳትና ሸክላ

ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ጥያቄ ከሳሎኑ የተለየ ነው። እዚህ ትልቁ ጉዳይ ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ሠላሳ አምስት ባለ 100 ዋት አምፖል በአንድ ጊዜ እንደማብራት ማለት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ላይ ከሆነ የመጋገሪያ ቀን በተራ የሚደረገው ለዚህ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ደግሞ በተቃራኒው 60 ዋት ይፈጅ የነበረውን ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ቁጠባ የሚገኘው መብራት በማጥፋት ሳይሆን ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሳያቋርጡ በመጋገር ነው።

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከእንጨትና ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ማብሰል የመሻገር ተስፋ ከዚህ ጋር አብሮ አድጓል። ተስፋው ግን መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩና የቤቱ ሽቦ የሚሸከመውን ያህል ነው። አንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅ፣ ካውያና ምድጃ የሰካ ቤት የኅዳሴው ኃይል ቢደርሰውም የሚጠብቀው እሳት ነው።

ብዙ ቤት እየገባ ያለው ኢንዳክሽን ምድጃ ፈጣንና ቆጣቢ ነው፤ ድስቱን የሚያግለው በቀጥታ በማግኔት ኃይል ስለሆነ ሙቀቱ በአየር አይባክንም። ነገር ግን ሸክላና አሉሚኒየም አይቀበልም። ጀበና ብንጥድበት ቡናው ሳይፈላ ይውላል። ከመግዛት በፊት አንዲት ማግኔት ከድስቱ ሥር ማስጠጋት ይበቃል፤ ከያዘች ይሠራል፣ ካልያዘች አይሠራም። ሽሮው በሸክላ ድስት፣ ቡናው በጀበና ለሚሠራበት ቤት ባለ ሽቦው ምድጃ አብሮ መቆየቱ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ወጥ ቤትን ስናነሣ ባሕር ማዶ ያሉትን መርሳት አይገባም። አሜሪካ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሚጋግሩት አይዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚሠራ ክብ መጋገሪያ ነው። ቤተኒ የተባለው ድርጅት መጋገሪያውን ያወጣው ሌፍሳ ለሚባለው የኖርዌይ ቂጣ ነበር፤ ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ልጆች የአያቶቻቸውን ቂጣ እንዲጋግሩበት። የእኛ ሰዎች ሲያዩት ምጣድ አገኙበት። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ እንጀራው አነስ ይላል፤ ግን ይነሣል። የሙቀት መቆጣጠሪያው ከነገመዱ ተነቅሎ ይወጣል፤ ሲበላሽ እሱ ብቻ ይተካል። ሁለት ስደተኛ ሕዝብ በአንድ ዕቃ ላይ የተገናኙት ዕቃው ቀላል፣ ጠንካራና የሚጠገን ስለሆነ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደዚህ የሚመጣ ዕቃ ግን ቮልቱ ይታይ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ እኛ 220 ነን። አክስቴ ከዋሽንግተን ያመጣችው የቡና መፍጫ እዚህ ሶኬት ላይ በተሰካ በደቂቃ ውስጥ ጨሰ። ሽቦ የሚያግል ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ በእጥፍ ገደማ ሲጨምርበት የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ አይችለውም። ከሥሩ “100-240” የሚል የተጻፈበት ቻርጀር ግን የትም ይሠራል። ከኤምሬትስ የሚላክ ዕቃ ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ሶኬቱ ብቻ ሦስት ጥርስ ስለሆነ ማስማሚያ ይፈልጋል።

ዕድሜን መቁረጥ እና የመጠገን መብት

ዕቃ ሆን ተብሎ ዕድሜው እንዲያጥር መደረጉ አዲስ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ኦስራምና ፊሊፕስን ጨምሮ የዓለም ትልልቅ አምፖል አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፎበስ የተባለ ማኅበር መሥርተው፣ የአምፖል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳያልፍ ተስማሙ። ከዚያ በላይ የቆየ አምፖል የሠራ አባል ይቀጣ ነበር። ማኅበሩን ያፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

የዛሬው መንገድ ከዚያ ይረቅቃል። ሙጫ አለ፤ ልዩ መፍቻ የሚጠይቅ ብሎን አለ፤ ለጠጋኝ የማይሸጥ መለዋወጫ አለ። ከሁሉም የከፋው ክፍሎችን በሶፍትዌር ማቆራኘት ነው። ከአንዱ ስልክ የወጣ ንጹሕ ስክሪን ሌላ ተመሳሳይ ስልክ ላይ ሲገባ “አላውቀውም” ብሎ አንዳንድ ሥራውን ያቆማል። መርካቶ ያለው ጠጋኝ እጁ አልሳተም፤ የተቆለፈው ሶፍትዌሩ ነው።

አምራቾቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ባዶ አይደለም። የታሸገ ስልክ ውኃ አያስገባም፤ ሙጫ ዕቃውን ያሳሳል፤ ባልሠለጠነ እጅ የተነካ ባትሪ ሊነድ ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። ግን የውኃ መከላከያ ላስቲክ በብሎንም ይጠብቃል፤ ባልሠለጠነ እጅ የሚመጣውን አደጋም የሚያስቀረው መመሪያውንና መለዋወጫውን መስጠት እንጂ መደበቅ አይደለም።

ሕግ አውጪዎችም ወደዚህ እያዘነበሉ ነው። ፈረንሳይ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚቀል ከአሥር የሚሰጥ ነጥብ እንዲለጠፍ አዘዘች። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 20 ቀን 2025 ወዲህ ለሚወጡ ስልኮች ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላም 80 በመቶ ዐቅሙን እንዲይዝ፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎች ሽያጩ ካበቃ በኋላ ለሰባት ዓመት እንዲገኙ፣ የሶፍትዌር እድሳቱም ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲቀጥል ደንግጓል። አሜሪካ ውስጥ ኒው ዮርክ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ የመጠገን መብት ሕግ አውጥተዋል፤ ኦሪገን ደግሞ በ2024 ባወጣችው ሕግ ክፍሎችን በሶፍትዌር ማቆራኘትን ከልክላለች።

እንዲህ ያለ ሕግ እዚያው የሚቀር አይደለም። አውሮፓ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ቻርጀር ይኑረው ብላ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታስገድድ፣ አፕል አስቀድሞ በ2023 አይፎኑን ለዓለም ሁሉ ታይፕ ሲ አደረገው። ብራሰልስ የተፈረመው መርካቶ መደርደሪያ ላይ ደረሰ። ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ የአባት፣ የልጅና የእንግዳ ስልክ በአንድ ገመድ ይሞላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የሚጣለውን ገመድ ብዛት ላሰበ ትልቅ ነው።

ምን አለሽ ተራ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አውጥታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው ይቀበራል፣ ይቃጠላል፣ ወይም መሳቢያ ውስጥ እንደ እኔ ኤርፎን ይተኛል።

ሀብታሞቹ አገሮች ዛሬ በሕግ ሊመልሱት የሚታገሉት የመጠገን ባህል እኛ ዘንድ አልሞተም። መርካቶ ምን አለሽ ተራ የገባ ሰው ያውቀዋል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል፣ ከሞተ ቴሌቪዥን የወጣች ቦርድ ሌላውን ታስነሣለች። አንድ ጠጋኝ የቴሌቪዥን ስክሪን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ የጠፋ ቴሌቪዥን ነበር። መሬት ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ እንደ ወረቀት የሳሳውን መስታወት በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ አስደገፈ፤ ከሥር የተደረደሩትን ትንንሽ መብራቶች አንድ በአንድ በመለኪያ ነካቸው። ከመካከላቸው አንዷ ሞታለች። የሞተችውን ነቅሎ በቦታዋ ሌላ በይዶ ቴሌቪዥኑን ሲሰካው ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ሆነ። ባለቤቱ “የተጣለ መስሎኝ ነበር” አለ። የሞተችው መብራት ከሽንብራ የማትበልጥ ነበረች።

በየሰፈሩ “ቆራሌው!” እያለ የሚዞረው ሰውም የዚህ ሥርዓት ጅማት ነው። ማንም ሳያደራጀው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ የከተማውን ውዳቂ ከየቤቱ አውጥቶ ወደሚፈልገው እጅ ያደርሳል። ሆኖም ይህን ባህል ማድነቅ ጉዳቱን አለማየት መሆን የለበትም። መዳቡን ለማውጣት ገመድ የሚያቃጥል ልጅ የሚተነፍሰው ጭስ መርዝ ነው። የድሮው ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ ብዙ እርሳስ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ሥጋ የሚለብሰው ግን ቆራሌውና ምን አለሽ ተራ ያለው ባለሙያ የሥርዓቱ አካል ሆነው ጓንት፣ ሥልጠናና ተገቢ ዋጋ ሲያገኙ ነው።

ጠጋኙም የሚጎድለው አለ። እጁ ላይ ችሎታው አለ፤ የሌለው ኦሪጅናል መለዋወጫ፣ የቦርዱ ንድፍና በቋንቋው የተጻፈ መመሪያ ነው። ዛሬ ሙያውን የሚማረው ከቴሌግራም ቡድንና ከሕንድ ጠጋኞች ቪዲዮ ነው። አስመጪው ሺህ ቴሌቪዥን ሲያስገባ የመለዋወጫ ድርሻም አብሮ እንዲያስገባ ቢገደድ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የባትሪና የቦርድ ጥገናን እንደ ዋና ሙያ ቢያስተምሩ፣ ከውጭ ምንዛሪ የሚተርፈው ቀላል አይሆንም። አንድ ስልክ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ካገለገለ ያልተገዛው ስልክ ዶላር ነው።

ስንገዛ የምንጠይቀው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለገዢ የሚቀረው ጥቂት ጥያቄ ነው። ባትሪው ይቀየራል? ኢንተርኔት ባይኖር ዋና ሥራውን ይሠራል? እድሳቱ እስከ ስንት ዓመት ነው? ቮልቱ የእኛን መስመር ይችላል? መለዋወጫው እዚህ አገር ይገኛል? ሻጩ መመለስ ካልቻለ ያ ራሱ መልስ ነው። ይህ አዲስ ነገርን መፍራት አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ ገዝቶ በሁለት ዓመት መጣል ነው።

ባለፈው ጾም እናቴን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። ምጣዷ ያረጀ መስሎኝ አዲሱን፣ ባለ ዲጂታሉን፣ ጥቁርና አንጸባራቂውን ላሳያት ፈልጌ ነበር። ሻጩ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስረዳት፤ ሙቀቱን ራሱ ይቆጣጠራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል አላት። እናቴ በትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ ምጣዱን እንዲገለብጥላት ጠየቀችው። ገለበጠው። ከሥሩ ድፍን ላስቲክ ነው፤ ብሎንም የለው፣ ጀሶም የለው።

“ሽቦው ሲቃጠል ከየት ነው የሚከፈተው ልጄ?” አለችው።

ልጁ ምጣዱን በእጁ አዙሮ አዙሮ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው። “እሱን እኔም አላውቅም፣ እማማ” አላት።

አመስግናው ወጣን። በማግስቱ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ፤ ምጣዱን ገለበጠ፤ እናቴ ጀሶውን ትበጠብጥለት ጀመር።